የታዋቂ ሙዚቀኛ ነበር የተባለ ጊታር፦ ማስረጃውን እንዴት እንሰብስብ፣ ዕቃውን እንዴት እንጠብቅ፣ ዋጋውን እንዴት እንገምት

ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ አሮጌ ጊታር ያለበት ቤት ታሪክ አያጣም። ገንደ ቆሬ ባለ ግቢ፣ ከዚራ ባለ የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ ቤት ወይም ጀጎል ውስጥ ባለ ጓዳ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ቦክስ ጊታር አንድ ስሙ የገነነ ድምፃዊ ይጫወትበት እንደነበር ይነገራል። ነገሩ እውነት ለመሆኑ በቂ ምክንያት አለ፤ ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አፍራን ቀሎ የተባለው የሙዚቃ ቡድን የተመሠረተባት፣ ዓሊ ቢራን የመሰለ ሰው ያፈራች ከተማ ናት። ይሁን እንጂ በማስረጃ ያልተያዘ እውነት ከባለቤቱ ልጆች አልፎ የልጅ ልጅ ዘንድ አይደርስም፤ ደርሶም ቢሆን ገዢ ፊት ሲቀርብ ወሬ ተብሎ ይቀራል። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለ ጊታር ለወረሱ፣ ለገዙ ወይም እንዲገዙት ለቀረበላቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው።

ዋጋው ከየት ይመጣል?

በመጀመሪያ ሁለት ዋጋዎችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው ጊታሩ ያለ ማንም ስም፣ በሥሪቱ፣ በዕድሜውና በይዞታው ብቻ የሚያወጣው ዋጋ ነው። ሁለተኛው የሙዚቀኛው ታሪክ የሚጨምርለት ነው። ሁለተኛው አንደኛውን ብዙ እጥፍ ሊበልጠው ይችላል፤ ነገር ግን ስሙ ብቻውን ይህን አያደርግም። እ.ኤ.አ. በ2020 ጁሊየንስ በተባለው አጫራች በ6 ሚሊዮን 10 ሺህ ዶላር የተሸጠው የአሜሪካዊው የሮክ ሙዚቀኛ የከርት ኮቤይን ጊታር፣ የማርቲን ኩባንያ በ1959 የሠራው ዲ-18ኢ የተባለ ሞዴል ነው። ኩባንያው ከዚህ ዓይነት የሠራው 302 ብቻ ነበር፤ ሆኖም ያን ዋጋ ያመጣው የሞዴሉ ብርቅነት ሳይሆን ኮቤይን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1993 በኤምቲቪ የአኩስቲክ ዝግጅት ላይ ሲጫወትበት ዓለም በዓይኑ ማየቱ፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ሙዚቀኛው ማረፉ ነው።

ሰብሳቢዎች በተግባር ደረጃ አላቸው። በሙዚቀኛው እጅ ከገቡት መካከል ገዝቶት ቤቱ ያስቀመጠው ጊታር ዝቅተኛውን ቦታ ይይዛል። መድረክ ላይ የተጫወተበት ከዚያ ይበልጣል፤ የታወቀ ዘፈን የቀዳበት ደግሞ ከሁለቱም ይልቃል። አንድ የማይረሳ ሌሊት ላይ በፎቶ ወይም በፊልም የተያዘው ከሁሉም በላይ ነው። ፊርማ ብቻ ያረፈበት ጊታር ከእነዚህ ሁሉ በታች ነው፤ ፊርማ በአንድ ደቂቃ ይፈረማል፣ በሌላ ሰው እጅም ይመሰላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በኳታር 2 ነጥብ 7 ሚሊዮን ዶላር ያወጣው፣ ብዙ ዝነኞች የፈረሙበት ስትራቶካስተር የተባለ የኤሌክትሪክ ጊታር የበጎ አድራጎት ሽያጭ ስለነበር ለተራው ገበያ መለኪያ አይሆንም።

ይህን ደረጃ ወደ እኛ ከተማ ስናመጣው አንድ ትልቅ ጥያቄ ይነሳል። በንጉሡም ሆነ በደርግ ዘመን አብዛኛው ሙዚቀኛ የሚጫወትበት መሣሪያ የራሱ አልነበረም። የጦር ክፍሉ፣ የፖሊስ ኦርኬስትራው፣ የቀበሌው ኪነት ወይም የሆቴሉ ባለቤት ንብረት ነበር። ስለዚህ «የእሱ ጊታር» የሚለው አነጋገር «የእሱ ንብረት» ማለት ይሁን ወይስ «እሱ ይጫወትበት የነበረ» ማለት፣ ከመጀመሪያው ተለይቶ መታወቅ አለበት። የሁለተኛው ዓይነት ዋጋው ዝቅ ያለ አይደለም፤ እንዲያውም መድረክ ያየ መሣሪያ በመሆኑ ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን ከቡድኑ ወደ ግለሰብ እጅ እንዴት እንደወጣ መታወቅ ይኖርበታል።

እጅዎን ይሰብስቡ

ጊታሩ እጅዎ እንደገባ መጀመሪያ የሚደረገው ምንም አለማድረግ ነው። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ከማንሳት በስተቀር አይጠቡት፣ ቫርኒሽ አያስቀቡት፣ የዛገውን መቃኛ በአዲስ አይለውጡት። የተበጠሰ ክር እንኳ ቢሆን ከመፍታትዎ በፊት ፎቶ ያንሱት፤ ፈትተው ካወጡት በኋላም በፖስታ ውስጥ ያኑሩት። ዕድሜ ጠገብ ጊታር ቀለሙ እንደ አዲስ ሲቀባ በሰብሳቢዎች ዘንድ የዋጋውን ግማሽ ያህል ሊያጣ ይችላል። የሙዚቀኛ ታሪክ ያለው ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ከገንዘብ ያለፈ ነው፤ ከፎቶ ጋር የሚያስተያየው ጭረት፣ የሲጋራ ቃጠሎና የላብ እድፍ አብሮ ይጠፋልና። የአየርላንዳዊው የሮሪ ጋላገር የ1961 ስትራቶካስተር ቀለሙ አብዛኛው ተልጦ እንጨቱ ያገጠጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በለንደን ከ8 መቶ ሺህ ፓውንድ በላይ አውጥቶ ለአየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም የተበረከተው ያ የተላጠው ጊታር፣ እንደተላጠ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ለውጥ ሁሉ ጉዳት አይደለም፤ ማን ለወጠው የሚለው ነው ወሳኙ። ኤሪክ ክላፕተን እ.ኤ.አ. በ1970 በናሽቪል ስድስት ስትራቶካስተሮች በርካሽ ገዝቶ ሦስቱን ለጓደኞቹ ሰጠ፤ ከቀሩት ሦስቱ ምርጥ ክፍሎቻቸውን አገጣጥሞ «ብላኪ» የተባለውን ጊታር ሠራ። ብላኪ በ2004 በክሪስቲስ ጨረታ 959 ሺህ 500 ዶላር አወጣ። ዴቪድ ጊልሞርም ጥቁሩን ስትራቶካስተሩን አንገቱንና የክሩን ድምፅ የሚቀበለውን ክፍል (ፒክአፑን) በየጊዜው ሲለዋውጥ ኖሯል፤ በ2019 በ3 ሚሊዮን 975 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ሙዚቀኛው ራሱ የለወጠው የታሪኩ አካል ነው፤ እርሱ ካለፈ በኋላ የሚለወጠው ታሪኩን መፋቅ ነው። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ ያለ ባለሙያ በቅንነት «ላድስልህ» ቢልዎ አመስግነው ይለፉት።

ሣጥኑንም አይጣሉ። ቦብ ዲላን እ.ኤ.አ. በ1965 በኒውፖርት የሙዚቃ በዓል የተጫወተበት ስትራቶካስተር በአውሮፕላን ውስጥ ተረስቶ በአብራሪው ቤተሰብ እጅ ለአሥርት ዓመታት ከቆየ በኋላ ማንነቱ ሲጣራ፣ የዲላን ድርጅት ስም በሣጥኑ ላይ ተጽፎ፣ የግጥም ወረቀቶችም በውስጡ ተገኝተዋል። እኛ ዘንድ ሣጥኑ ውስጥ የሚገኘው የሆቴል ደረሰኝ፣ የምድር ባቡር ትኬት ወይም በእስክሪብቶ የተጻፈ የዘፈን ዝርዝር ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን የተገኘበት ቦታ ላይ እንዳለ ፎቶ ያንሱ።

ጊታሩን ዕድሜውን ይጠይቁት

የቦክስ ጊታርን ውስጥ ለማየት ክሩን ትንሽ አላልተው የስልክዎን መብራት በድምፅ ቀዳዳው በኩል ያብሩ፤ ካሜራውንም ወደ ውስጥ አዙረው ይቅረጹ። ብዙውን ጊዜ ከቀዳዳው ፊት ለፊት፣ ጀርባው ላይ ከውስጥ የተለጠፈ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ «ኒፖን ጋኪ» የሚል ካለ ጊታሩ የያማሃ ሥሪት ሲሆን፣ ኩባንያው ስሙን ያማሃ ኮርፖሬሽን ብሎ የለወጠው እ.ኤ.አ. በ1987 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። የምሥራቅ ጀርመን ሥሪት መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ካለ ደግሞ ዘመኑ በ1949 እና በ1990 መካከል ነው። ከወረቀቱ ባሻገር የእንጨት ድጋፎቹን ይመልከቱ፤ የጥገና ባለሙያዎች ስማቸውንና ቀኑን በእርሳስ ጽፈው የሚተዉት እዚያ ነው።

የአሜሪካ ሥሪት በሆነ የኤሌክትሪክ ጊታር ውስጥ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ጀርባ ላይ የታተመ ቁጥር ይገኛል። ለምሳሌ 137 6512 የሚል ቢሆን፣ 137 ሲቲኤስ የተባለውን የክፍሉን አምራች፣ 65 የተሠራበትን ዓመት (እ.ኤ.አ. 1965)፣ 12 የዓመቱን ሳምንት ያመለክታል። ጊታሩ ከዚያ ሳምንት በፊት ተሠርቶ ሊሆን አይችልም፤ ክፍሉ በኋላ ተለውጦ ከሆነ ግን ቁጥሩ ያሳስታል፤ ስለዚህ ሽቦው የተበየደበት ቦታ የተነካካ መሆን አለመሆኑን ጎን ለጎን ማየት ይገባል። ጊታሩ ላይ ያለውን መለያ ቁጥርም በጭፍን አይመኑ። የማርቲን ቁጥር ከ1898 ጀምሮ በተርታ ስለሚሄድ ዓመቱን በቀጥታ ይናገራል፤ ጊብሰን የተባለው አምራች ግን በ1960ዎቹ ያንኑ ቁጥር ለተለያዩ ጊታሮች ደጋግሞ ስለሰጠ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም።

የመንግሥት ቡድን ንብረት ከነበረ በራስጌው (መቃኛዎቹ ባሉበት ጫፍ) ጀርባ ወይም በጎኑ ላይ በቀለም የተጻፈ የንብረት መለያ ቁጥር ሊኖር ይችላል። ይህን ቁጥር ብዙ ሰው እንደ እድፍ ቆጥሮ ይፍቀዋል፤ እኔ ግን ከፊርማ የበለጠ ክብር እሰጠዋለሁ። ምክንያቱም ወደ ንብረት ክፍል የገባበት ሞዴል 19 የተባለው ቅጽ እና የወጣበት ሞዴል 22 የተባለው ቅጽ የሆነ ቦታ በአንድ መዝገብ ቤት ተኝተው ሊሆን ይችላል፤ ከተገኙም መሣሪያውን ከቡድኑ፣ ቡድኑንም ከሙዚቀኛው ጋር ያስተሳስራሉ።

የዕድሜ ምርመራ ታሪኩን ሊያፈርስ እንጂ ብቻውን ሊያጸና አይችልም። ዓሊ ቢራ በወጣትነቱ በአፍራን ቀሎ ጀምሮ፣ በኋላ አዲስ አበባ በክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል የተጫወተ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ከአገር ወጥቶ ለረጅም ዓመታት በውጭ የኖረ ሰው ነው። በአፍራን ቀሎ ዘመን ድሬዳዋ ላይ ተጫወተበት የተባለው ጊታር በ1990ዎቹ የተሠራ ሆኖ ከተገኘ ታሪኩ አይቆምም። ዘመኑ ቢገጥም ግን የሚያሳየው «ሊሆን ይችላል» የሚለውን ብቻ ነው።

ሽማግሌዎችን ማናገር

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ክፍል ይህ ነው። በእኛ ከተሞች ማስረጃው በአብዛኛው ያለው በሰው ልብ ውስጥ ነው፤ የእነዚያ ዓመታት ሙዚቀኞች፣ አዳማጮችና የመሣሪያ ጠጋኞች ደግሞ ዕድሜያቸው ገፍቷል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለዚህ ነው። ሌላው ሥራ ሁሉ ለሚቀጥለው ዓመት ቢተላለፍ ብዙ አይጎዳም፤ ይህ ግን ከዛሬ ይጀመር።

ሰዎቹን በአንድነት ሰብስበው አይጠይቁ። በርጫ ላይ ጨዋታው ሲደራ የአንዱ ትዝታ የሌላውን ይጎትታል፤ ከአፍታ በኋላ አራት ሰዎች የአንዱን ታሪክ ይደግማሉ፣ እርስዎም አራት ምስክር ያገኙ ይመስልዎታል። እያንዳንዱን በየቤቱ፣ ብቻውን፣ ረጋ ባለ ሰዓት ያነጋግሩት፤ ጊታሩንም መጀመሪያ አያሳዩት። «ጋሼ፣ ይህ የዓሊ ጊታር አይደል?» ብለው ቢጠይቁ በይሉኝታም ቢሆን «ነው» ሊሉዎት ይችላሉ። ይልቁንም «ጋሼ፣ በዚያን ጊዜ እነማን ጊታር ነበራቸው? ከየት ነበር የሚመጣው? ቀለሙ ምን ዓይነት ነበር? ሲሰበር ማን ነበር የሚጠግነው?» ብለው ይጀምሩ። ሰውየው ገና ሳያዩት ከአንገቱ ሥር ስላለው ስንጥቅ ወይም ከአንድ ወገን ስለጎደለው መቃኛ ከነገሩዎት ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው። ጊታሩን ከዚያ በኋላ ያውጡት፤ ሲያዩት የሚናገሩትን የመጀመሪያ ቃል ሳይቋረጥ ይቅረጹ።

ምስክርነቱን በሰውየው ቋንቋ ይቀበሉ። በኦሮምኛ፣ በሐረሪ ወይም በሶማልኛ የሚያወራን ሰው ወደ አማርኛ ካስገደዱት ዝርዝሩ ይጠፋል። ከቀረጻው በኋላ ቃሉ በጽሑፍ ይስፈር፤ የተናጋሪው ስም፣ ዕድሜ፣ በዚያን ጊዜ የነበረው ሥራ፣ ነገሩን በዓይኑ ያየው ይሁን ወይስ ከሌላ የሰማው፣ የተነጋገራችሁበት ቀን ተጽፎ፣ ሁለት ምስክር ባለበት ይፈርምበት። ጠጋኙን አይርሱ። ዘፋኙን ያየ ሰው ብዙ ነው፤ ጊታሩን በእጁ ከፍቶ ያየ ግን ጠጋኙ ብቻ ነው።

የቃሉንም፣ የፎቶውንም፣ የሰነዱንም ቅጂ በአንድ ቤት ብቻ አያስቀምጡ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው የቀጠፈው የደቻቱ ጎርፍ የሰፈር ታሪክ በአንድ ሌሊት እንዴት ሊጠፋ እንደሚችል አሳይቶናል። አንዱ ቅጂ ከተማ ውስጥ ቢኖር ሌላው ሐረር ወይም አዲስ አበባ ባለ ዘመድ ዘንድ ይሁን።

ፎቶና እንጨት

የጆን ሌነን ባለ 12 ክር ፍራሙስ ጊታር በእንግሊዝ አገር በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ2 ነጥብ 8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣው፣ የእንጨቱ ቅርጽ ከ1965 ፎቶዎች ጋር ተመሳክሮ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። የዲላንም ጊታር የተረጋገጠው በዚሁ መንገድ ነው። የእንጨት መስመር እንደ ጣት አሻራ ነው፤ አንድ ዛፍ ሁለት አንድ ዓይነት ሣንቃ አይሰጥም።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልግዎ የቆየ ፎቶ ጥራት ያለው ቅጂ ነው። የስልክ ፎቶ ብልጭታ ስለሚፈጥር ስካነር ያለው የፎቶ ቤት ዘንድ ወስደው ከፍ ባለ ጥራት ያስነሱት። ከዚያም ጊታሩን በፎቶው ላይ ባለበት አቅጣጫ ይዘው ሌላ ፎቶ ያንሱና ሁለቱን ጎን ለጎን ያስተያዩ፤ የእንጨቱን መስመር፣ የብሎኖቹን አቀማመጥ፣ የጭረቶቹን ርዝመት ይመልከቱ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ መስመሩን ካላሳየ ወደ ጭረቶቹ ይሂዱ። ሆኖም ፎቶው ላይ ያለ ጭረት ጊታሩ ላይ መገኘት አለበት እንጂ፣ ጊታሩ ላይ ያለ ጭረት ሁሉ ፎቶው ላይ ላይኖር ይችላል፤ ከፎቶው በኋላ የተጨመረ ነውና።

የድሮ ፎቶ አንዳንድ ጊዜ ፊልሙ ተገልብጦ ስለሚታጠብ ቀኝ እጅ ተጫዋቹ ግራ እጅ መስሎ ይታያል። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲገጥምዎ የሙዚቀኛውን ኮት ይዩ፦ የወንድ ኮት ቁልፎች የሚሰፉት በለባሹ ቀኝ በኩል ስለሆነ፣ በግራው ከታዩ ፎቶው ተገልብጧል።

የባለቤትነት ጉዳይ

የፖል ማካርትኒ ሆፍነር ቤዝ ጊታር እ.ኤ.አ. በ1972 ለንደን ውስጥ ተሰርቆ ከ50 ዓመት በላይ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ መገኘቱና ለባለቤቱ መመለሱ በ2024 ተነገረ። ያንን ያህል ዓመት ቢያልፍም ማንም ገዢ ደፍሮ በአደባባይ ሊሸጠው ባልቻለ ነበር። ስለዚህ ጊታሩ ከሙዚቀኛው እስከ እርስዎ ድረስ በእነማን እጅ እንዳለፈ በተርታ ይጻፉ፤ ክፍተት ካለም ክፍተት እንዳለ ይጻፉ እንጂ በግምት አይሙሉት። ውርስ ከሆነ ከፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማረጋገጫና የሌሎች ወራሾች የጽሑፍ ስምምነት፣ ግዢ ከሆነ መለያ ቁጥሩና ፎቶው የተያያዘበት በምስክሮች ፊት የተፈረመ ውል ያስፈልጋል። የመንግሥት ንብረት ቁጥር ያለበትን ጊታር የሚሸጥልዎ ሰው በምን አግባብ እንደያዘው የሚያስረዳ ወረቀት ከሌለው፣ ታሪኩ የቱንም ያህል ቢያምር አይግዙት።

በሙቀት አገር ጊታርን ማቆየት

ጊታር የሚመቸው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ባለው መካከል ነው። የድሬዳዋ ደረቅ ሙቀት እንጨቱን ያኮማትረዋል፤ የመጀመሪያው ምልክት በአንገቱ ላይ የተተከሉት የብረት ዘንጎች (ፍሬቶቹ) ጫፍ ከአንገቱ ጠርዝ ወጥቶ እጅ መቧጨሩ ነው፤ ካልተገታ የፊቱ ሣንቃ ይሰነጠቃል። ጊታሩ በሣጥኑ ውስጥ ሆኖ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ርቆ፣ ፀሐይ በማይመታው የውስጥ ግድግዳ በኩል ይቀመጥ። ውሃ ውስጥ ተነክሮ በደንብ የተጨመቀ ስፖንጅ ክዳኑ በተበሳሳ የሳሙና ማስቀመጫ አድርጎ በሣጥኑ ውስጥ ማኖር ይረዳል፤ ጠብታ ግን እንዳይኖረው። ክሩን በመጠኑ ያላሉት እንጂ ሙሉ በሙሉ አይፍቱት። ከ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለችው ሐረር በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ ሲያወርዱትም በመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አይዝጉበት፤ ከደረሰ በኋላ ሣጥኑን ወዲያው ሳይከፍቱ ለጥቂት ሰዓታት ያቆዩት።

ግምትና ቀጣይ ጉዞ

ዋጋ ሲገምቱ በመጀመሪያ ተመሳሳይ ሥሪት ያለው ስም የለሽ ጊታር በውጭ ገበያ በእርግጥ የተሸጠበትን እንጂ ሻጮች የሚጠሩትን ዋጋ አይያዙ። በዚያ ላይ የሚጨመረው በማስረጃው ጥንካሬ ልክ ነው። በእንጨት መስመር የተረጋገጠ ፎቶ ያለው ከሁሉም ይቀድማል፤ ቀጥሎ ሰነድ፣ ቀጥሎም ያልተነጋገሩ ሁለት ሰዎች የሰጡት የተገጣጠመ ምስክርነት ይመጣል። የቤተሰብ ቃል ብቻ ካለ ስሙ ምንም እንደማይጨምር አድርጎ ማሰቡ ይሻላል። እንደ ክሪስቲስና ጁሊየንስ ያሉ አጫራቾች በሚሊዮን የሚገምቱት ዓለም አቀፍ ገዢ ለሚሻማባቸው ስሞች ነው፤ ለእኛ ሙዚቀኞች መሣሪያ የሚሳሱት የአገር ሰዎች፣ በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችንና ሙዚየሞች ናቸው። ይህ የመሣሪያዎቹን ክብር አይቀንሰውም፤ ገዢው ማን እንደሆነ ግን አስቀድሞ ይነግረናል።

ወደ ውጭ ለመላክ ካሰቡ ጊታሩ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እንደ ቅርስ የሚታይ መሆን አለመሆኑን ከቅርስ ባለሥልጣን በጽሑፍ ያረጋግጡ። ከብራዚል ሮዝዉድ የተሠራ አካል ያለው ጊታር ደግሞ ዛፉ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ጥበቃ ስለሚደረግለት ልዩ ፈቃድ ሳይያዝለት ድንበር መሻገር የለበትም።

መሸጥ የማይፈልጉ ከሆነ በውሰት ማስቀመጥ ይቻላል። በሐረር ጀጎል የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም ከጥንታዊ ጽሑፎች በተጨማሪ የቆዩ የሙዚቃ ቅጂዎችን ሰብስቦ የያዘ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ ከድምፁ ጋር አብሮ ሊኖር የሚችልበት ዓይነት ቦታ ነው። ለየትኛውም ተቋም ሲያውሱ የውሰቱ ዘመን፣ በርክክቡ ቀን የነበሩት ጭረቶችና ስንጥቆች ከነፎቶአቸው፣ ማን ሊነካውና ሊጫወትበት እንደሚችል፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያስጠግን በውሉ ላይ ይስፈር፤ የምስክርነቱ ቅጂዎችም ከጊታሩ ጋር አብረው ይረከቡ፣ ዋናዎቹ ግን ከእርስዎ ዘንድ ይቆዩ።